ለጀማሪ የትኛው ሞተር ይሻላል? ከ100 ሲሲ እስከ ኤሌክትሪክ

ሞተር ሊገዛ የተነሳ ሰው መካሪ አያጣም። ጓደኛ «አንዴ ካወጣህ አይቀር ትልቁን ግዛ፣ ትንሹ ቶሎ ይሰለችሃል» ይላል። ሻጭ ሱቁ ውስጥ የቆመውን ያወድሳል። ደላላ «ያገለገለ ዲቲ አለኝ፣ ከአዲስ አይለይም» ይላል። የሰፈር መካኒክ ደግሞ እሱ ፈትቶ መግጠም የለመደውን ይመክራል። ከአራቱ ለእውነት የሚቀርበው መካኒኩ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

እዚህ የማወዳድራቸው አምስት ዓይነት ሞተሮች ናቸው። (ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ጉልበቱም አብዛኛውን ጊዜ ያድጋል።) ከ100 እስከ 125 ሲሲ ያለው ቀላል የከተማ ሞተር፣ 150 ሲሲው፣ ዲቲና ኤክስኤል የምንላቸው የገጠር መንገድ ሞተሮች፣ ከ180 ሲሲ ወደ ላይ ያለው ስፖርት መሰል ሞተር፣ እና ኤሌክትሪኩ። ዋጋ በብር አልጠቅስም። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በወሩ ተረት ይሆናል። የትኛው በምን እንደሚያስወጣ ግን እናያለን።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። እናንተ በምትኖሩበት ከተማ ሞተር መንዳት ይፈቀድላችኋል ወይ? አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ሞተር እንደ ልብ አይነዳም፤ የሚንቀሳቀሰው ፈቃድ ያለው ነው። በክልል ከተሞችም በየጊዜው የሰዓት ገደብ ይወጣል። ከመሸ በኋላ ሞተር የማይንቀሳቀስበት ከተማ ውስጥ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ የገዛችሁት ሞተር ቤት ውስጥ ይቆማል። ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ግማሽ ቀን ቢፈጅም ያዋጣል።

መንጃ ፈቃድም አለ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ሞተር አያስነዳም፣ ሞተር የራሱ ምድብ አለው። የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ሞተር ትንሽ ስለሆነ አይቀርለትም። ሊብሬ፣ ታርጋና ቦሎ የሌለው ሞተር ደግሞ ርካሽ አይባልም። ውድ ነው፣ ሒሳቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው እንጂ።

መለኪያዎቹ

*እግር መድረሱ።* ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሲበር አይደለም፣ ሊቆም ሲል ነው። ዳገት ላይ መኪና ከፊቱ ሲቆምበት፣ ኮብልስቶን ላይ ሲዞር፣ ከኋላ የተጫነ ሰው ሳይነግረው ዘሎ ሲወርድ። ያኔ የሚያድነው እግሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀመጡ። ማቆሚያውን መልሱት። ሁለቱንም እግር መሬት አስነኩ። የአንዱ እግር ተረከዝ ሙሉ በሙሉ ካረፈ፣ የሌላው ቢያንስ የፊት መዳፉ ከነካ ይበቃል። በጣታችሁ ጫፍ የምትንጠራሩ ከሆነ ሌላ ሞተር ጠይቁ። የከተማ ሞተሮች ወንበር ከመሬት 78 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። የገጠሮቹ 82 እና ከዚያ በላይ ናቸው። በወረቀት ሲታይ አራት ሳንቲሜትር ምንም አይመስልም። ዝናብ ላይ፣ ዳገት ላይ፣ እግራችሁ አየር ሲቀዝፍ ግን ትርጉሙ ይገባችኋል።

*ክብደቱ።* ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ሞተሩን በእጃችሁ እየገፋችሁ አንድ ዙር አዙሩት። ከዚያ በመሀል ማቆሚያው አቁሙት። ይህን ያለ ረዳት ማድረግ ካቃታችሁ፣ ነዳጅ ያለቀባችሁ ቀን ወይም ጎማ የፈነዳ ቀን ትቸገራላችሁ። ቀላል የሚባሉት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ስፖርት መሰሎቹ 140 ኪሎ ይደርሳሉ።

*ዳገቱና ከፍታው።* ይህን አብዛኛው ገዢ ይዘነጋዋል። በሱቅ ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ቤንዚን ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ያንሰዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። 8 የፈረስ ጉልበት የተባለ 100 ሲሲ ሞተር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከ6 እምብዛም አይዘልም። 12 የተባለው 150 ሲሲ ደግሞ 9 አካባቢ ይቀረዋል። ብቻችሁን ሜዳ ላይ ከነዳችሁ ችግር የለም። ሰው ጭናችሁ ደሴን ልትወጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይታያል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ለሞተር የታደሉ ናቸው፦ ሜዳ ናቸው፣ ከፍታቸውም 1,800 ሜትርና ከዚያ በታች ነው። እዚያ ትንሿ ሞተር ትበቃለች።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ሌላም ጣጣ አለው። ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ካስተካከለው ይስተካከላል። ከድሬዳዋ ገዝታችሁ ደሴ ልትነዱት ከሆነ ይህን አስቡበት።

*መለዋወጫውና መካኒኩ።* አሁን ወደ መካኒኩ ልመለስ። በየትኛውም ከተማ ሞተር የሚሠራበት ጋራዥ ሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። የትኞቹ ሞተሮች ተፈተው እንዳሉ እዩ። «ይሄ ብዙ ይበላሻል ማለት ነው» እንዳትሉ። ብዙ ሲፈታ የምታዩት ብዙ ሰው የሚነዳውን ነው፣ ለዚያ ደግሞ ፍሪሲዮኑም፣ ፒስቶኑም፣ ካቴናውም መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሱቅ ይገኛል። ቆንጆ ሆኖ ለአንዲት ኬብል ሦስት ሳምንት የሚያስጠብቅ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ አይሆንም። መካኒኩ እውነት የሚናገረውም ለዚህ ነው፤ ያልለመደውን ሞተር ከፈታ በኋላ የሚቸገሩት እሱና እናንተ ናችሁ።

*ፍሬኑ።* ከፊት ዲስክ ያለው ከከበሮ ፍሬን ይሻላል፣ በተለይ ቁልቁለት ለበዛበት አገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ፍሬን ብቻ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ከበሮው ይግላል፣ ከዚያ እጀታውን ብትጨብጡት አይዝም። ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝን ከመጀመሪያው ሳምንት ልመዱ።

100–125 ሲሲ፦ የማያኮራ፣ የማያሳፍር

ቦክሰር 100፣ ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 125 እና ከቻይና የሚመጡት 125ቶች እዚህ ይመደባሉ። አየር የሚያቀዘቅዛቸው፣ አንድ ሲሊንደር ያላቸው ናቸው። ዕውቀት የሌለው ሰው እንኳ ዘይት ሊቀይርላቸው ይችላል። በአንድ ሊትር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ከፍጥነት ይበልጥበታል።

ነዳጅ ሲሰጣቸው አይዘሉም። ጀማሪ ፍሪሲዮን ቶሎ ሲለቅ ሞተሩ ይጠፋበታል እንጂ አይወረውረውም። ወንበራቸው ዝቅ ያለ ነው። ሲወድቁም የሚሰበረው ፍሬቻና የፍሪሲዮን እጀታ ነው፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

የሚጎድላቸው ጉልበት ነው። ሁለት ሆናችሁ ረጅም ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትቀራላችሁ። በዋና መንገድ ላይ ደግሞ አይሱዙ ከኋላ ሲመጣባችሁ ፈጥናችሁ መውጣት አትችሉም፤ ወደ ዳር ይዛችሁ ማሳለፍ ነው። ከከተማ ከተማ ለሚመላለስ ሰው ይህ ያደክማል።

አንድ ነገር ልጨምር። የማርሽ አደራደር ከሞተር ሞተር ይለያያል። በአንዳንዶቹ ሁሉም ማርሽ በአንድ አቅጣጫ ነው፣ በሌሎቹ አንደኛው ወደ ታች ሆኖ የቀሩት ወደ ላይ ናቸው። የተማራችሁበት ሞተር እንዴት እንደሆነ አስታውሱ። አንዱን ለምዶ ሌላውን የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ልጨምር» ብሎ ይቀንሳል።

150 ሲሲ፦ ለብዙው ሰው የሚበቃ

በክልል ከተሞች ሰው ጭኖ፣ ጆንያ ጭኖ ዳገት ሲወጣ የምታዩት በብዛት ይህ ነው። ከ100 ሲሲው በሰውነት እምብዛም አይተልቅም። ጉልበቱ ግን አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ነው። ነዳጅ በሊትር ከ40 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ለሥራ የሚገዛ ሰው ከ100ው የሚጨምረውን ብር ሰው ሲጭን ይመልሰዋል።

ለፍጹም ጀማሪ ግን ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ባዶ ሜዳ፣ ስታዲየም አካባቢ ወይም እሑድ ጠዋት ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ። ከዚያ ወዲያ ከ100ው የሚከብድበት ምክንያት የለም። ስትሸጡትም ገዢ አይጠፋም፣ ቶሎ ይሄዳል።

ድክመቱ ጌጥ የሌለው መሆኑ ነው። መብራቱ በአንዳንዱ ደካማ ነው፤ በተለይ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ብርሃኑ ይዳከማል። ማታ አህያና ከብት በሚሻገርበት መንገድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዲቲ፣ ኤክስኤል፣ ኤጂ፦ የመስክ ሠራተኛው ሞተር

በግብርና ጽሕፈት ቤትና በእርዳታ ድርጅት ግቢ ቆመው የምታዩዋቸው ናቸው። ያማሃ ዲቲ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125፣ ያማሃ ኤጂ 100። ረጅም ሞላ፣ ትልቅ የፊት ጎማ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ አላቸው። ድንጋይና ጭቃ ላይ የከተማው ሞተር ሆዱን ሲመታ እነዚህ ያልፋሉ። መንገዳችሁ አስፋልት ካልነካው ቀበሌ ወደ ቀበሌ ከሆነ ሌላ አማራጭ ማየት አያስፈልግም።

ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ ይረዝማሉ። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ እነዚህ ላይ መለማመድ ሁለት ትምህርት ባንዴ መማር ነው። ሁለተኛ ዲቲና ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ናቸው። ቱ ስትሮክ ከቤንዚኑ ጋር ዘይትም ያቃጥላል። የዘይት ማጠራቀሚያው ለብቻው ነው፣ እሱን ረስቶ ባዶ ያደረገ ሰው ፒስቶን ያስነክሳል። ነዳጅ በሊትር ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሽ ቀንሶ መያዙ እንደ ፎር ስትሮክ አይሆንለትም፣ ይሮጣል፣ ሥራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ኤክስኤል ፎር ስትሮክ ስለሆነ በነዳጅም በቁልቁለትም ይሻላል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ብዙዎቹ ገበያ የሚወጡት ከድርጅት በጨረታ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ሞተር ከሆነ ስም ሲዞር ቀረጡ ይጠየቃል። ጨረታ ላይ «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ ቀረጡን ያላሰበ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛዋል። ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን በወረቀት እዩ። በአፍ አትመኑ።

ከ180 ሲሲ በላይ፦ ቆንጆው

አፓቼና መሰሎቹ። ወጣቱ የሚፈልገው ይህንን ነው፣ አልፈርድበትም፣ ቆንጆ ናቸው። ፍሬናቸው ጥሩ ነው፣ መብራታቸው ይበራል፣ ዋና መንገድ ላይ አይንቀጠቀጡም። ልምድ ላለው ሰው ጥሩ ሞተር ናቸው።

ለጀማሪ ግን እኔ አልመክርም። 17 የፈረስ ጉልበት በ140 ኪሎ ላይ ነው። ነዳጅ መስጫውን ትንሽ አብዝታችሁ ብታዞሩት ሞተሩ ከናንተ ቀድሞ ይሄዳል። አዲስ ነጂ ሲደነግጥ እጁን ይጨብጣል፤ ሲጨብጥ ደግሞ ነዳጁን ጨምሮ ያዞረዋል። 100 ሲሲ ላይ ይህ ስህተት ያስቃል። እዚህ ላይ ግን አጥር ያስገባል። መሪው ዝቅ ስለሚል ጀርባ ያጎብጣል፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ አይመቸውም። የፕላስቲክ ሽፋኑ አንድ ጊዜ ከወደቀ ይሰነጠቃል፤ የጀማሪ ሞተር አንድ ጊዜ መውደቁ አይቀርም።

ኤሌክትሪክ፦ ስሌቱን አውጡ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የማያወራ የለም። ሞተርም አብሮ ተነስቷል። ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሽ የለ። ነዳጅ መስጫና ፍሬን ብቻ። ማርሽ ከማይቀየርባት ባለ ትንሽ ጎማ ስኩተር ጋር በዚህ ይመሳሰላል። ከፍታም አይነካውም። አየር ስለማያስፈልገው ደጋው ደብረ ብርሃንም ቆላው የአፋር ሎጊያም ያው ጉልበት ነው።

ሻጩ ግን «አንድ ቻርጅ 120 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለምሳሌ 72 ቮልት፣ 40 አምፒር ሰዓት ይላል። ሁለቱን አባዙ፦ 2,880 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። አንድ ሰው ይዞ ከተማ ውስጥ በልክ የሚነዳ ሞተር ለ100 ኪሎ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ነው። ሰውና ዳገት ከጨመራችሁበት 50 እና 60 ብላችሁ አስቡ። 120ው የተለካው ቀስ ብሎ፣ ብቻውን፣ ሜዳ ላይ ነው።

ቀጥሎ የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ። ሊድ አሲድ ርካሽ ነው፣ ይከብዳል፣ በየቀኑ ከተሠራበት አንድ ሁለት ዓመት አገልግሎ ይደክማል። ሊትየም ውድ ነው፣ ቀላል ነው፣ በብዙ እጥፍ ይቆያል። የባትሪው ዋጋ የሞተሩን ዋጋ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። «ባትሪው ሲደክም ከየት አገኛለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ሻጩ አድራሻ ካልሰጣችሁ ተዉት።

የቤታችሁንም ነገር እዩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ ባትሪው ተነቅሎ ይወጣል ወይ? ሃያ ምናምን ኪሎ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት በየማታው ይቻላችኋል? መብራት የሄደ ሌሊት በማግሥቱ በምን ትሄዳላችሁ? እነዚህ ከተመለሱ ለከተማ ውስጥ ምልልስ ከኤሌክትሪክ የሚረክስ የለም። ከከተማ ውጭ ለሚወጣ ሰው ግን ገና ነው።

ቤንዚን ስኩተሯ በአነዳድ ቀላልነት ከዚሁ ትመደባለች። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ አትወድም፣ ኮብልስቶን ላይ አጥንት ታናጋለች። ቀሚስ ለብሳ ለምትነዳ ሴትና ለሜዳ ከተማ ግን ምቹ ናት።

በአጭሩ ሲቀመጡ

የነዳጁ ዓምድ የተሠላው በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ነው፣ ማለትም በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን።

| ዓይነት | ለጀማሪ አያያዝ | ወንበር | ሰው ጭኖ ዳገት | የወር ነዳጅ (በግምት) | መለዋወጫ | የመግዣ ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 100–125 ሲሲ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | ይቸገራል | 20 ሊትር | በየቦታው | ዝቅተኛ |
| 150 ሲሲ | ቀላል | ዝቅተኛ | ይወጣል | 24 ሊትር | በየቦታው | መካከለኛ |
| ዲቲ 125 | መካከለኛ | ከፍተኛ | ይወጣል | 40 ሊትርና ዘይት | መካከለኛ | እንደ ወረቀቱ |
| ኤክስኤል 125 | መካከለኛ | ከፍተኛ | ይወጣል | 29 ሊትር | መካከለኛ | እንደ ወረቀቱ |
| ከ180 ሲሲ በላይ | ከባድ | መካከለኛ | በቀላሉ | 28 ሊትር | በትልልቅ ከተሞች | ከፍተኛ |
| ኤሌክትሪክ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | እንደ ሞዴሉ | 40 ኪሎ ዋት ሰዓት | ገና ጥቂት | እንደ ባትሪው |

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ለጀማሪ ያገለገለ ቢወድቅም አያስቆጭም። አዲስ ደግሞ ጣጣው ይቀላል። አዲስ ከገዛችሁ ሮዳጁን (የማለማመጃ ጊዜውን) አክብሩ፦ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ አታስጩኹት፣ የመጀመሪያውን ዘይት 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቀይሩ።

ያገለገለ ልታዩ ስትሄዱ ለሻጩ ሳትነግሩት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ሲሊንደሩ አስጠጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ አስነስቶት ነበር ማለት ነው፤ ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል። ሻይ ጠጡና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ አስነሱት፣ ከኋላ ሆናችሁ ማርሚታውን እዩ። ነጣ ያለ ሰማያዊ ጭስ እየቀጠለ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፦ ፋሻ ወይም ባልቦላ ጨርሷል። ዲቲ ላይ ግን ትንሽ ጭስ ተፈጥሮው ነው፣ በዚያ አትፍረዱበት።

ከካቴናው በታች ጎንበስ በሉ። የኋላው ጥርስ ጫፉ እንደ መንጠቆ ከጎበጠ ካቴናና ጥርሱን ሙሉ መቀየር አለባችሁ፣ ከዋጋው አስቀንሱ። የፊት ሾኩን ቱቦ በጣታችሁ ጥረጉት፤ ዘይት ከነካችሁ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩን ወደ ፊት ገፋ ገፋ አድርጉት። መሪው ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔታው ልል ነው። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ብዙም አትመኑ። የእግር ማሳረፊያው ጎማና የማርሽ መርገጫው ምን ያህል እንደተበላ እዩ፣ እነሱን የሚመልስ የለም።

በመጨረሻ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መሪው ሥር ባለው አንገት ላይ ተመትቷል። የተፋቀ፣ እንደገና የተቀባ ወይም የተዛነፈ ከሆነ ዋጋው ቢያማልልም ተነሱና ሂዱ። «ስሙን በኋላ እናዞራለን» የሚባለውንም እንዲሁ።

ከበጀቱ ላይ የሚነሳ

ያላችሁን ብር በሙሉ ለሞተሩ አታውሉት። ከ100 ብር 15 እና 20ው ለሄልሜት፣ ለጓንት፣ ለዝናብ ልብስ፣ ለመድንና ለስም ማዞሪያ ይቀመጥ። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል። ከኋላ ወይም ከውስጥ ኢሲኢ (ECE) 22.05 ወይም 22.06 የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ፈልጉ። ስታጠልቁት ጉንጫችሁን ጠበቅ ያድርግ። ማሰሪያውን አስራችሁ ከኋላ ወደ ላይ ግፉት፣ ከወለቀ ቁጥሩ ሰፍቷችኋል። የወደቀ ሄልሜት ከሰው አትግዙ፣ ውስጡ ከተጎዳ ከውጭ አይታይም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም አዳማ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ለሚመላለስና ብቻውን ለሚነዳ፦ 100 ወይም 125 ሲሲ። ቤቱ ሶኬት የሚደርስበት ግቢ ካለውና መኖሪያው ከተማ ውስጥ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ከዚህ ጋር አወዳድሮ ይወስን።

ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ሌላ ዳገታማ ወይም ከፍ ያለ ከተማ ሚስቱን ወይም ዕቃ ጭኖ ለሚሄድ፦ 150 ሲሲ፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን ያለው። በዚህ አልወላውልም።

ለዕቃ ማድረስ ሥራ የሚገዛ፦ ፈቃዱ በእጁ ካልገባ ሞተሩን አይግዛ። ከገባ በኋላ በቀን የሚነዳውን ኪሎ ሜትር ይቁጠር። ከ60 በታች ከሆነ ሊትየም ባትሪ ያለው ኤሌክትሪክ ያዋጣዋል። ከዚያ ከበለጠ ቀኑን በሙሉ የሚሠራ የባትሪ መቀየሪያ ቦታ በአቅራቢያው መኖሩን ያረጋግጥ፣ ከሌለ 125 ሲሲ።

ለመስክ ሠራተኛ፣ ጭቃና ድንጋይ ለበዛበት ወረዳ፦ ኤክስኤል ከተገኘ ኤክስኤል። ዲቲ የሚያዋጣው ነዳጁን መሥሪያ ቤቱ ሲችል ነው። ሠራተኛው ቁመቱ አጭር ከሆነ ግን የገጠር ጎማ የተገጠመለት 150 ሲሲ ላይ ይጀምር፣ ለአብዛኛው ክረምት መንገድ ይበቃል።

አፓቼ ላይ ልቡ ለቆመ ወጣት፦ ያገለገለ 125 ገዝቶ አንድ ክረምት ከነዝናቡ ይንዳ። በትክክል ከያዘው ብዙም ሳይከስር ይሸጠዋል፣ ከዚያ የፈለገውን ይግዛ።

ብሩ ለጠበበበት፦ ወረቀቱ የጸዳ፣ ሞተሩ ያልተፈታ 100 ሲሲ ይፈልግ፣ ሲሄድ መካኒክ ይዞ ይሂድ። ለመካኒኩ የሚከፍለው የቀን አበል ከሁሉ የሚያዋጣ ወጪ ነው። በዚህ በጀት ያገለገለ ኤሌክትሪክ አይንካ፤ ባትሪው ስንት ዕድሜ እንደቀረው በቅጡ የሚነግረው ሻጭ አያገኝም።